ክሮን 4 እና ኤንቢሲ፦ በ823 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የሳን ፍራንሲስኮ ጣቢያ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 ያንግ ብሮድካስቲንግ የተባለ መካከለኛ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያ የሳን ፍራንሲስኮውን ክሮን ቴሌቪዥን በ823 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ግን ጣቢያው ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ፕሮግራሞቹን ሲያሠራጭለት የኖረው ኤንቢሲ የተባለው አገር አቀፍ ኔትወርክ ወደ ሌላ ጣቢያ እንደሚዛወር አስታወቀ። ከግዢው ስምምነት በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ ገዢው ኩባንያ የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ላቃተው ድርጅት የሚሰጠውን ከአበዳሪዎች የሚከላከል ከለላ፣ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቆመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉዳዩ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ንግድ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ዋጋው ከፍተኛ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ያንግ በእጁ ያስገባው የሥርጭት ፈቃድ፣ ማሠራጫ፣ ስቱዲዮና ጠንካራ የዜና ክፍል ነበር፤ የከፈለው ዋጋ የተተመነው ግን ጣቢያው ከኤንቢሲ ጋር ሆኖ በሚያስገባው ገቢ ነው። ከኤንቢሲ ጋር የነበረው ውል ደግሞ የሻጩ ንብረት ስላልነበረ ሊሸጥ አይችልም ነበር። ወፍጮውን የገዛ ሰው ወፍጮውን የሚያዞረው ውኃ በሌላ ሰው ማሳ በኩል እንደሚመጣ እያወቀ የወፍጮውንም የውኃውንም ዋጋ አንድ ላይ ከፈለ ማለት ይቻላል።

ነገሩን ለመረዳት የአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዴት እንደተዋቀረ ማወቅ ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ አንድ ጣቢያ በአብዛኛው ከአንድ ቦታ በሳተላይት ለመላው አገር ስለሚያሠራጭ፣ የጣቢያው ስምና የፕሮግራሙ ባለቤት አንድ ናቸው። በአሜሪካ ግን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሥርጭት ፈቃድ የሚሰጠው ለየከተማው ጣቢያዎች ነው። ኤንቢሲን፣ ኤቢሲን ወይም ሲቢኤስን የመሰሉ ኔትወርኮች በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የራሳቸው ጣቢያዎች አሏቸው፤ በቀሩት ከተሞች ተመልካች ዘንድ የሚደርሱት በሌሎች ኩባንያዎች ባለቤትነት በተያዙ አጋር ጣቢያዎች አማካይነት ነው። አጋር ጣቢያው የቀኑን የተወሰኑ ሰዓታት ለኔትወርኩ ፕሮግራም ይሰጣል፤ ኔትወርኩ በነዚያ ሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ጣቢያውም ለእርሱ በተተዉት ደቂቃዎችና ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ በሚያቀርበው ዜና ላይ የአካባቢውን ማስታወቂያ ይሸጣል። ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ በነበረው ልማድ መሠረት በዚህ ላይ ኔትወርኩ ለአጋር ጣቢያው የአየር ሰዓት ካሳ በገንዘብ ይከፍል ነበር። ውሉ የሚቆየው ለተወሰኑ ዓመታት ሲሆን ሲያበቃ ይታደሳል፤ ወይም አይታደስም።

ክሮን ሥርጭት የጀመረው ኖቬምበር 15 ቀን 1949 በቻናል 4 ነው። ኬፒክስና ኬጂኦ ቀድመውት ስለነበር ለሳን ፍራንሲስኮ ሦስተኛው ጣቢያ ሆነ። ባለቤቱ የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣን የሚያሳትመውና በዲ ያንግ ቤተሰብ ይዞታ ሥር የነበረው ኩባንያ ነበር፤ የጣቢያው መጠሪያም ከጋዜጣው ስም የተወሰደ ነው። ቤተሰቡ በስም ቢመሳሰልም ከያንግ ብሮድካስቲንግ ጋር ዝምድና የለውም። ጣቢያው ከመጀመሪያው አንስቶ የኤንቢሲ አጋር ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ።

ኤንቢሲ ግን በዚህ ከተማ የራሱ ጣቢያ እንዲኖረው ለረጅም ጊዜ ሲመኝ ቆይቷል። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባቸው ኦክላንድና ሳን ሆዜ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ያሉት ከተሞች አንድ ላይ የሚፈጥሩት ገበያ በአሜሪካ ከታላላቆቹ ጥቂት የቴሌቪዥን ገበያዎች አንዱ ነው። ኤቢሲ ኬጂኦን ከምሥረታው ጀምሮ ይዞታል፤ ሲቢኤስም በ1995 ከዌስቲንግሃውስ ጋር በተደረገው ውህደት ኬፒክስን አገኘ። ከሦስቱ ነባር ኔትወርኮች በሌላ ሰው ጣቢያ ተንጠልጥሎ የቀረው ኤንቢሲ ብቻ ነበር። ክሮንም ቢሆን ሁልጊዜ ታዛዥ አጋር አልነበረም። አንዳንዴ የኔትወርኩን ፕሮግራም እየዘለለ የራሱን ያስገባ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምረውን የምሽት ዋና ፕሮግራም ወደ 1 ሰዓት አምጥቶ የሌሊቱን ዜና አስቀድሞ ለማቅረብ ሞክሯል። ለተመልካቹ ሲባል የተደረገ ተገቢ ሙከራ ይመስለኛል። በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የፕሮግራም ሰዓት እንዲኖር ለሚፈልግ ኔትወርክ ግን እንዲህ ያለ ነፃነት ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በኔትወርኮችና በአጋር ጣቢያዎች መካከል የነበረው የገንዘብ ግንኙነት አቅጣጫውን መለወጥ ጀመረ። ኬብል ቴሌቪዥን ተመልካቹን እየተሻማ ባለበት በዚያ ወቅት የስፖርትና የድራማ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ኤንቢሲ በ1998 አንድ በሆስፒታል ሕይወት ላይ የሚያተኩር ተከታታይ ድራማ ላለማጣት ብሎ ለእያንዳንዱ ክፍል 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ለአጋር ጣቢያዎች ካሳ መክፈሉን መቀጠል ይቅርና ክፍያው ወደ እርሱ እንዲዞር ቢፈልግ አያስገርምም። የቸገረው ይህን አዲስ ሥርዓት ለመጀመር የሚያስችል አጋጣሚ ማግኘቱ ነበር።

አጋጣሚውን የፈጠሩት የክሮኒክል ባለቤቶች ናቸው። በጁን 1999 ቤተሰቡ ንብረቱን በሙሉ ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። ጋዜጣው በ660 ሚሊዮን ዶላር ለኸርስት ኩባንያ ሲሰጥ ጣቢያው ለብቻው ለጨረታ ቀረበ፤ ከ1975 ጀምሮ በአንድ ከተማ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ጣቢያን በአንድ ባለቤት እጅ ማድረግ በኮሚሽኑ ደንብ ተከልክሎ ስለነበር፣ ቀድሞ በነበረ ይዞታ የተፈቀደለት ይህ ጥንድ በሽያጭ ጊዜ መለያየቱ አይቀርም ነበር። ኤንቢሲ በጨረታው ከተወዳደሩት አንዱ ሆነ። ያንግ ብሮድካስቲንግ ግን 650 ሚሊዮን ዶላር በጥሬ ገንዘብ፣ ቀሪውን ደግሞ በ3.9 ሚሊዮን የራሱ አክሲዮኖች ለመክፈል አቅርቦ አሸነፈ።

በጨረታው የተሸነፈው ኤንቢሲ ለገዢው ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን አቀረበ። አንደኛ፣ ኤንቢሲ ለክሮን በየዓመቱ ይከፍለው የነበረው 7.5 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶ በምትኩ ክሮን ለኤንቢሲ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል፤ ሁለተኛ፣ የኔትወርኩ ፕሮግራሞች ሳይዘለሉና ሰዓታቸው ሳይቀየር እንዲተላለፉ፤ ሦስተኛ፣ ጣቢያው ራሱን በአየር ላይ «ኤንቢሲ 4» ብሎ እንዲጠራ። ያንግ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ በገንዘብ ሲሰላ በዓመት የ17.5 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ያመጣል። ከባድ ቢሆንም 823 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ለተስማማ ኩባንያ ኤንቢሲን ከማጣት ጋር ሲነጻጸር የሚቻል ሸክም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው የጣቢያ ባለቤት ለአካባቢው ሕዝብ የማይስማማ ፕሮግራምን የመተው መብት እንዲኖረው ከሚያዝዘው የኮሚሽኑ ደንብ ጋር ይጋፋል። ሦስተኛው ደግሞ ሃምሳ ዓመት በከተማዋ የኖረን ስም መተው ነው፤ ኔትወርኩ አንድ ቀን ቢሄድ ስሙን ይዞ ይሄዳልና። ያንግ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መቃወሙ ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ከዚያ በፊት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል ግልጽ በሆነበት ጊዜ ኤንቢሲ ለዘላለም አብሮ የሚቆይ ይመስል በተተመነ ዋጋ መግዛቱ ላይ ነው። ኔትወርኩ ራሱ በጨረታው ውስጥ ነበረ፤ ጣቢያውን ምን ያህል እንደሚፈልገው የተሰወረበት ሰው አልነበረም።

ኤንቢሲ አማራጭ ያገኘው ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሳን ሆዜ ነው። የዚያች ከተማ ቻናል 11፣ ኬኤንቲቪ፣ ከ1960 ጀምሮ የኤቢሲ አጋር ነበር። ኤቢሲ ግን በሳን ፍራንሲስኮ የራሱ ኬጂኦ ስላለው በዚያው ገበያ ውስጥ ሁለተኛ ጣቢያ አያስፈልገውም ነበር፤ እንዲያውም ኬኤንቲቪ አጋርነቱን እንዲተው 14 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የኬኤንቲቪ ባለቤት ግራናይት ብሮድካስቲንግ ነው። ይህ ኩባንያ በ1988 በዶን ኮርንዌል የተመሠረተና በጥቁር አሜሪካውያን ባለቤትነት ከተያዙት የብሮድካስት ኩባንያዎች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነበር። ግራናይት በፌብሩዋሪ 2000 ከኤንቢሲ ጋር የተፈራረመው ውል እስከ ዛሬ ያስደንቃል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ጀምሮ ለሚቆይ የዘጠኝ ዓመት አጋርነት ለኤንቢሲ 362 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነገሩን ያሳያል። ከክሮን የተጠየቀው በዘጠኝ ዓመት ሲባዛ 90 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ግራናይት የተስማማው ከዚያ አራት እጥፍ ነው። ግራናይት ሞኝ ስለነበረ አይደለም ይህን ያደረገው። ኬኤንቲቪ እስከዚያ ድረስ የአንዲት ከተማ ጣቢያ ነበር። የኤንቢሲን ፕሮግራም ቢያገኝ በአንድ ሌሊት የመላው ገበያ ዋና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ጊዜውም የኢንተርኔት ኩባንያዎች በየቀኑ የሚፈለፈሉበትና ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚረጩበት ስለነበር በሲሊከን ቫሊ መሐል የተቀመጠ ጣቢያ ገቢው ያለማቋረጥ የሚያድግ መምሰሉ አልቀረም። ያንግም ግራናይትም ስሌታቸውን የሠሩት በዚያው የብልጽግና ዓመት ነው።

በጉዳዩ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። ኤንቢሲ ወደ ኬኤንቲቪ እንደሚሄድ የታወቀው በፌብሩዋሪ 2000 ሲሆን፣ ያንግ ግዢውን ያጠናቀቀው በጁን 2000 ነው። ስለዚህ ያንግ ገንዘቡን የከፈለው ኔትወርኩ እንደሚሄድ ካወቀ በኋላ ነው፤ የተፈራረመው ውል ግን ቀድሞ አስሮታል። ያንግ በዚያን ጊዜ ተስፋ ያደረገበት አንድ ምክንያት ነበረው። በ1996 ከዲዝኒ በ385 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የሎስ አንጀለሱ ኬካል ያለ ኔትወርክ፣ በምሽት ረጅም ዜና እያሠራጨ የሚኖር ጣቢያ ነበር። በሎስ አንጀለስ የሠራ መንገድ በሳን ፍራንሲስኮ አይሠራም የሚል ሕግ የለም። ልዩነቱ ኬካል የተገዛው ኔትወርክ የሌለው ጣቢያ በሚያወጣው ዋጋ፣ ክሮን ደግሞ የኤንቢሲ ጣቢያ በሚያወጣው ዋጋ መሆኑ ነው።

በ2001 ሁሉም ነገር ተገለበጠ። የኢንተርኔት ኩባንያዎቹ ሲፈርሱ የማስታወቂያ ገበያው በተለይ በዚህ አካባቢ ወደቀ፤ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደግሞ የተረፈውን አቀዘቀዘው። ግራናይት ቃል የገባውን ክፍያ መሸከም እንደማይችል ግልጽ ሆነ። በዲሴምበር 2001፣ አጋርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኤንቢሲ ኬኤንቲቪን ራሱን በ230 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በዚያው ዓመት ቴሌሙንዶ የተባለውን የስፓኒሽ ቋንቋ ኔትወርክ ሊገዛ ተስማምቶ ስለነበር ከእርሱ ጋር በዚያው ገበያ ሁለተኛ ጣቢያም ደረሰው፤ በ1999 የተሻሻለው ደንብ በትልልቅ ገበያዎች ውስጥ ሁለት ጣቢያ መያዝን ፈቅዷል። በጨረታ የተሸነፈው ወገን ክሮን ከተሸጠበት ዋጋ ሲሶ እንኳ በማይሞላ ገንዘብ በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ የራሱን ጣቢያ አገኘ ማለት ነው። ኤንቢሲ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አቅዶ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ ብዬ አልደመድምም፤ የገበያውን ውድቀት ማንም ሊያቅደው አይችልም። ኔትወርኩ ያደረገው ነገር ቢኖር አማራጩን በእጁ ይዞ መጠበቅ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ መጠበቅ የማይችሉ ባለዕዳዎች ነበሩ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ለውጡ ተፈጸመ። የክሮን ማሠራጫ በሳን ፍራንሲስኮ ኮረብታ ላይ በቆመው ሱትሮ ታወር ላይ ስለሆነ ምልክቱ አካባቢውን በሙሉ ያዳርሳል። የኬኤንቲቪ ማሠራጫ ግን ከሳን ሆዜ በስተ ደቡብ በሎማ ፕሪየታ ተራራ ላይ ስለነበር በአንቴና የሚመለከቱ የሰሜኑ ነዋሪዎች ኤንቢሲን በደህና ማግኘት አስቸገራቸው። ማሠራጫው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ቀረብ ወዳለው ሳን ብሩኖ ተራራ የተዛወረው በ2005 ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ኬብል ስለነበራቸው ጣቢያው በኬብል ላይ በያዘው ቁጥር «ኤንቢሲ 3» ተብሎ ተዋወቀ፤ በኋላ ስሙ ተለወጠ። በፌብሩዋሪ የተካሄደው የሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሎምፒክ ለአዲሱ ጣቢያ ጥሩ መክፈቻ ሆነለት። ሆኖም ሃምሳ ዓመት ቻናል 4 ላይ ኤንቢሲን የለመደ ተመልካች በአንድ ቀን ልማዱን እንደማይቀይር በሚቀጥሉት ዓመታት ታየ። ኔትወርኩም በዚህ ለውጥ ያለ ዋጋ አላለፈም።

ክሮን ግን በየቀኑ ብዙ ባዶ ሰዓት ተጋፈጠ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ለጠዋቱ፣ ለቀትሩና ለምሽቱ ፕሮግራም ሁሉ ወይ ራሱ ማዘጋጀት ወይ መግዛት ነበረበት። ዋና መተማመኛው ዜና ሆነ፤ የጠዋት ዜናውን አራዘመ፣ ሌሎች ጣቢያዎች ድራማ በሚያሳዩበት የምሽት ሰዓትም ዜና አስገባ። ገቢው ከቀድሞው ጋር ሊወዳደር ስላልቻለ ግን የዜና ክፍሉ አቅም እየሳሳ ሄደ። በከተማው እጅግ ይታመን የነበረው ዜና አቅራቢ ፒት ዊልሰን ወደ ኬጂኦ ሄደ። ለሃያ አራት ሰዓት የአካባቢ ዜና የተቋቋመው ቤይ ቲቪ የተባለው የኬብል ቻናልም ቀደም ሲል በ2001 ተዘግቶ ነበር። በ2005 ጣቢያው በትልቅ ገበያ ውስጥ ያልተለመደ እርምጃ ወሰደ፤ ዘጋቢዎች ራሳቸው እየቀረጹና እያቀናበሩ ዜናቸውን እንዲያዘጋጁ አሠለጠናቸው። ዛሬ ይህ አሠራር በየቦታው የተለመደ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የካሜራ ባለሙያዎችንና የፊልም አቀናባሪዎችን ሥራ ያሳጣ፣ በዜናው ጥራትም ላይ ብርቱ ክርክር ያስነሳ ውሳኔ ነበር። ሥራ ያጡት እነዚያ ሠራተኞች በ1999ኙ ጨረታ ላይ አንድም ድምፅ አልነበራቸውም፤ የዕዳውን ዋጋ ቀድመው የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው።

ዕዳው ደግሞ አልቀነሰም። ያንግ በ2002 ኬካልን በ650 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ባለቤት ቫያኮም ሸጠ። በዚህ ሽያጭ ትርፍ ቢያገኝም ዕዳ ለመቀነስ ሲባል አትራፊውን ለቅቆ የከሰረውን ይዞ ቀረ። በሴፕቴምበር 2006 ክሮን ማይኔትወርክ ቲቪ የተባለው አዲስ የተቋቋመ ኔትወርክ አጋር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግራናይት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በጃንዋሪ 2008 ያንግ ክሮንን ለሽያጭ ቢያቀርብም ገዢ ጠፋ። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2009 ያንግ ራሱ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመጨረሻም ኩባንያው በአበዳሪዎቹ እጅ ገባ። በዚህ ገበያ የተሽቀዳደሙት ሁለቱም ነፃ ኩባንያዎች፣ አንዱ ጣቢያውን በመግዛት፣ ሌላው ኔትወርኩን በመውሰድ፣ ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ልዩነት አንድ ዓይነት ፍጻሜ ላይ ደረሱ።

ይህ ሁሉ ኔትወርክ ያጣ ጣቢያ መኖር አይችልም ወደሚል ድምዳሜ ሊወስድ አይገባም። በጃንዋሪ 2017 ኤንቢሲ በቦስተን ከደብልዩኤችዲኤች ተለይቶ በራሱ ጣቢያ ማሠራጨት ሲጀምር ያ ጣቢያ በአካባቢ ዜና ላይ ተመሥርቶ ሳይወድቅ ቀጠለ። ባለቤቱ በማያሚም በ1989 ኤንቢሲን አጥቶ በዜና የጸና ጣቢያ ነበረው፤ ጣቢያዎቹም የአንድ ሰው የግል ኩባንያ ንብረት ስለነበሩ ከአክሲዮን ገበያው ግፊት ነፃ ነበሩ። ክሮንን የጎዳው ኤንቢሲን ማጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ኤንቢሲ ከሌለ ሊከፈል የማይችል ዕዳ በትከሻው መጫኑ ነው። በ1999 ያንግ የተቃወመው ክፍያ ደግሞ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ጣቢያዎች ከኬብልና ከሳተላይት ድርጅቶች ለሥርጭታቸው ከሚያገኙት ገንዘብ ከፍ ያለውን ድርሻ ለኔትወርኮቻቸው ይከፍላሉ።

ክሮን ከዚያ በኋላ በ2013 ያንግ ሚዲያ ጄኔራል ከተባለው ኩባንያ ጋር ሲዋሐድ፣ በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ኔክስታር የተባለው ሌላ ኩባንያ ሚዲያ ጄኔራልን ሲገዛ እጅ ለእጅ ተላለፈ። ኔክስታር በ2022 ሲደብልዩ ከተባለው ኔትወርክ 75 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮም ክሮን የሲደብልዩ ጣቢያ ነው። በረጅም ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያውም የኔትወርኩ አብዛኛው ድርሻም በአንድ ባለቤት እጅ ገብተዋል።